«ባህሪው ነው» የሚባል በር

ስልካችሁን አንዴ ተመልከቱት። በጣት አሻራ ይከፈታል፣ በፊት ይከፈታል፣ በቁጥር ይከፈታል። ከባለቤቱ ሌላ ሰው ቢነካካው እሺ አይልም። እንዲህ ጥርቅም ብሎ የተቆለፈ ስልክ ግን ለድንገተኛ ጥሪ የይለፍ ቁጥር አይጠይቅም። የሠሩት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ቁልፍ ጭንቅ ሲመጣ ከመንገድ ገለል ማለት አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችሁ መኪና ሂዱና ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቁ። ባትሪው ቢሞት የኋላው በር ይከፈታል ወይ? ሪሞቱ ቢጠፋ በየት በኩል ይገባል? ከኋላ የተቀመጡ አያት ሰው ሳይለምኑ መውረድ ይችላሉ ወይ? ይህን ብዙ ባለ መኪና ጠይቄያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት መልስ «እኔ እንጃ» የሚል ነው።

«ሌላ ርዕስ ጠፍቶ ነው?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የነዳጅ ወረፋ፣ የመለዋወጫ ዋጋና የመንገድ መጨናነቅ እያለ ስለ በር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ። ስልክ ውስጥ ሰው አይቀመጥም። መኪና ውስጥ ግን ሕፃን ይተኛል፣ እናት ትቀመጣለች፣ አያት ይሳፈራሉ። የስልክ ቁልፍ ቢሳሳት የሚቀረው ፎቶ ነው። የመኪና ቁልፍ ከተሳሳተ ውስጡ የሚቀረው ሰው ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም አጭር ነው፤ የመኪና በር ለመግባት ሊያስቸግር ይችላል፣ ለመውጣት ግን ማስቸገር የለበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቤት መኪና ስንት ቆላፊ እንዳለው ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የእኛን ቆጥሬ አራት አገኘሁ። አንደኛው ፋብሪካው የሠራው ሴንትራል ሎክ ነው፤ ሹፌሩ አንድ ቁልፍ ሲጫን አራቱም በሮች ቀጭ ይላሉ። ሁለተኛው መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር በራሱ የሚቆልፈው ነው። ሦስተኛው በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ የተደበቀው የልጅ ሎክ ነው። አራተኛው መኪናው አገር ከገባ በኋላ የተገጠመለት አላርም ነው።

አራቱን ያሰቧቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በተለያየ አገር፣ በተለያየ ዓመት፣ ለተለያየ ስጋት። አንዱ ሕፃን በጉዞ ላይ በር እንዳይከፍት አስቧል። ሌላው ሌባ መብራት ላይ በር እንዳይከፍት አስቧል። ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ሳይቆልፍ ረስቶ ቢሄድ ብሎ ተጨንቋል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ልክ ናቸው። አንድ መኪና ላይ ሲሰበሰቡ ግን ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ አይታወቅም። መኪናውን የገዛው ሰው ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ባለቤት ስለሚረከበው መመሪያ መጽሐፉ ወይ የለም፣ ወይ እሱ በማያነበው ቋንቋ ነው።

ከትንሹ እንጀምር። የልጅ ሎክ የሚባለው የኋላውን በር ከፍታችሁ ጠርዙን ስታዩ የምታገኟት የጥፍር መጠን ያላት መግፊያ ናት። ወደ አንድ ወገን ስትገፋ የውስጥ እጀታው ይሞታል፤ ከውጭ ግን በሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በጉዞ ላይ እጀታ የሚጎትት ሕፃን ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለወላጅ አይነገርም። ችግሩ፣ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ይህቺ መግፊያ መብራት የላት፣ ድምፅ የላት፣ ዳሽቦርድ ላይ አትታይ። አንዴ የገፋት ሰው ይረሳታል። መኪናውን ከእሱ የገዛው ደግሞ መኖሯንም አያውቅ።

አያቴ ከኋላ በግራ በኩል መቀመጥ ይወዳሉ። ያ በር ከውስጥ አይከፈትም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ ሁላችንም ወርደን ነጠላችንን እስክናስተካክል እሳቸው በመስታወት እያዩን ይጠብቃሉ። «ልጆቼ፣ እስረኛ ነው እንዴ የምታመላልሱት?» ይሉ ነበር እየሳቁ። መኪናውን ያየው መካኒክ «የበሩ ቁልፍ ተበላሽቷል» ብሎ፣ ከሶማሌ ተራ የሚቀየር ዕቃ ዋጋ ሁሉ ተጠይቆ ነበር። በመጨረሻ ችግሩን የፈታው ላቫጆ የሚሠራ ልጅ ነው። በሩን ከፍቶ ሲያጥብ መግፊያዋን አያትና በጣቱ መለሳት። ክፍያ እንኳ አልጠየቀም።

በራሱ የሚቆልፈው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በአንዳንድ መኪና ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቆልፋል፤ በሌላው ማርሹ ከፓርኪንግ ሲወጣ። አንዱ ሲቆም በራሱ ይከፍታል፣ ሌላው አይከፍትም። በአንዱ እጀታውን ስትጎትቱ ሎኩ አብሮ ይለቃል፣ በሌላው መጀመሪያ ሎኩን መልቀቅ አለባችሁ፣ በሌላው ሁለቴ መጎተት አለባችሁ። በሪሞት ከፍታችሁ ምንም በር ሳትከፍቱ ትንሽ ከቆያችሁ ደግሞ «ሐሳቡን ቀይሯል» ብሎ መልሶ የሚቆልፍባችሁ ሞልቷል።

ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አባት ልጁን ለማውረድ ይቆማል። ከኋላው ክላክስ ይጮሃል። ልጁ እጀታውን ይጎትታል፤ አባት በዚያው ቅጽበት መክፈቻውን ይጫናል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ሎኩ አይለቅም። «ልቀቀው!» «ለቀቅኩ!» «አሁን ጎትት!» «እምቢ አለ!» «ቆይ አትንካው!» ከኋላ ያለው ክላክስ ይብሳል። ይህን ድራማ የማያውቅ ባለ መኪና ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። እስከዚህ ድረስ ያስቃል።

አላርሙ ጋ ስንደርስ ግን ሳቁ ያበቃል። አላርም ማስገጠም ጥፋት አይደለም፤ ነገሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። በአንድ ከሰዓት ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ዳሽቦርድ ሥር ተኝቶ የገመድ ቀለም እየለየ ከፋብሪካው ሴንትራል ሎክ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ አለ። ከእነሱ መካከል እጃቸው የተባረከ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አላርሙ ሞተር ሲነሳ እንዲቆልፍ ማድረግ ይቻላል፤ አለማድረግም ይቻላል። በር ከተዘጋ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በራሱ እንዲቆልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህንንም ማጥፋት ይቻላል። ሁሉም ምርጫ ነው። ባለቤቱን ግን «የቱን ትፈልጋለህ? ልጅ አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁለት ሪሞት ይሰጠዋል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ በቃ።

ይህ «በቃ» እህቴ ላይ ያመጣውን ልንገራችሁ። እሑድ ረፋድ ላይ ነው፤ ጀሞ አካባቢ፣ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ። ልጇ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከኋላ ወንበሩ ላይ አሰረችው፣ ቦርሳዋን ከነቁልፉ አጠገቡ አኖረች፣ በሩን ዘግታ ወደ ሹፌሩ በር ዞረች። ከበር እስከ በር ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ ሳትደርስ መኪናው ቀጭ አለ። በር ሲዘጋ በራሱ እንዲቆልፍ የተደረገው አላርም የታዘዘውን ሠራ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የከተማችን ሰው ሁሉ መገመት ይችላል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ሽቦ አመጣ፣ አንዱ ማስመሪያ። አንዱ «መስታወቱን በሉት!» ይላል፣ ሌላው «ስባሪው ልጁን ይጎዳዋል!» ይላል። አንዲት እናት ነጠላቸውን በመስታወቱ ላይ ዘርግተው ፀሐዩን እየከለሉ ልጁን ያጫውቱታል። የእህቴ ስልክ ያለው ውስጥ ነው፤ ከዳቦ ቤቱ ጥበቃ ስልክ ለምና ደወለችልኝ። ትርፉን ሪሞት ይዤ ከሳሪስ እስክደርስ አንድ የሚኒባስ ረዳት የበሩን ጎማ ገልጦ በሽቦ መቀርቀሪያውን ስቦታል። ከ20 ደቂቃ በላይ ፈጅቷል። ልጁ ደህና ነው፤ ለቅሶው ደክሞት፣ ፀጉሩ በላብ ርሶ ነበር የወጣው።

በማግስቱ አብሬያት አላርሙን ወደገጠመው ሰው ሄድኩ። ሰውየው ትሑት ነው። አልተቆጣም፣ አልካደም። ታሪኩን አዳምጦ ሲጨርስ ያለው ነገር አንድ ነው፤ «አይ፣ እሱ እንኳ ባህሪው ነው።»

የእኔ ጠብ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ባህሪ ያለው ሰው ነው፤ በቅሎም አላት፣ በሬም አለው። መኪና ያለው ግን ባህሪ ሳይሆን አንድ ሰው የወሰነለት ውሳኔ ነው። በሩ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚቆለፍ፣ ባትሪ ሲሞት ምን እንደሚሆን፣ ከውስጥ ማን መክፈት እንደሚችል ሁሉ ሰው ተቀምጦ የወሰነው ነው። «ባህሪው ነው» ባልን ቁጥር ማን እንደወሰነ መጠየቅ እናቆማለን። ሰው የወሰነውን ደግሞ ሰው ይቀይረዋል። እህቴ ንቅንቅ አላለችም፤ «እንግዲያው ባህሪውን አጥፋልኝ» አለችው። ሰውየው ቡና ተቀድቶ እስኪጠጣ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጠፋው። ጊዜም፣ ዕውቀትም፣ መሣሪያም ነበረው። የጎደለው የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ብቻ ነው።

«ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ሙቀት አለና ነው?» ለሚለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት መልስ አለው። ውጭው 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ጊዜ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ60 ደቂቃ ውስጥ 47 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ከጭማሪው 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ብዙ ለውጥ አላመጣም። 22 ዲግሪ ማለት ለእኛ ከተማ «ዛሬ አየሩ ደስ ይላል» የምንለው ቀን ነው። የአዳማ፣ የአዋሽና የድሬዳዋ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ እንደሚሞቅ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያስጠነቅቃል።

ሎክ ይቅር እያልኩ አይደለም። መብራት ላይ ስትቆሙ በጋቢና በኩል በር ከፍቶ ቦርሳ የሚያነሳ ሌባ ያለበት ከተማ ነው የምንነዳው። «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ ሹፌሩን አስወርዶ፣ ጓደኛው በወዲያ በር ላፕቶፕ የሚያነሳበትን ዘዴ ያልሰማ የለም። በር ቆልፎ መንዳት ብልህነት ነው። ግን ሌባው ያለው ውጭ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ለመከልከል ከውስጥ ያለውን ማሰር ግድ አይደለም። ጥሩ ሎክ ከውጭ እምቢ፣ ከውስጥ እሺ ይላል።

ከውስጥም እምቢ የሚል አለ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ድርብ ሎክ የሚባል አላቸው። በሪሞት በተወሰነ መንገድ ሲቆለፉ የውስጥ እጀታውም አብሮ ይሞታል፤ ሌባ መስታወት ሰብሮ እጁን ቢያስገባ እንኳ በር እንዳይከፍት ነው። ሰው ውስጡ እያለ በፍጹም እንዳይቆለፍ አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያው ላይ ያስጠነቅቃሉ። መኪናው እኛ ጋ መጥቷል፤ መመሪያው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሌላም አለ። በከተማችን ብዙ የቤት መኪና ጠዋት ልጅ ያደርሳል፣ ማታ ደግሞ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሆናል። ጠዋት ለልጁ የተገፋችው የልጅ ሎክ ማታም እንደተገፋች ናት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብቻዋን የተሳፈረች ወጣት መድረሻዋ ላይ እጀታውን ስትጎትት እምቢ ሲላት ልቧ ምን እንደሚል አስቡት። ሹፌሩ ምንም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ዝም ብሎ ረስቶታል። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ለሹፌሮች የምለው ቀላል ነው፤ ሥራ ስትጀምሩ ሎኳን መልሷት። ልጅ ስላለ የግድ ከሆነ ደግሞ ተሳፋሪው ሲገባ ተናገሩ። ለተሳፋሪዎችም፣ በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ጠርዙን አንዴ በዓይናችሁ እዩት። የልጅ ሎክ የሚገድለው የውስጡን እጀታ ብቻ ስለሆነ፣ በሩ በሴንትራል ሎክ እስካልተቆለፈ ድረስ መስታወቱን አውርዳችሁ እጃችሁን በማውጣት በውጭው እጀታ መክፈት ትችላላችሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አሮጌዎቹ ነው። አዲሶቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ መንገዱ ላይ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ደስ ይላሉ፤ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ነዳጅ አያሰልፉም። ግን ለቻይና ገበያ ታስበው የተሠሩት ስክሪናቸው የሚያወራው በቻይንኛ ነው። የበር ሎክ ማስተካከያው የት ምናሌ ውስጥ እንዳለ ለማግኘት የስልክ ካሜራ ደግኖ ማስተርጎም የጀመረ አባት አይቻለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ጠምጥመን ነው ፊደል የጀመርነው።

ዋናው ነገር ግን ቋንቋው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። የበሩን ሎክ፣ መብራቱንና ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሹ ሊሞት ይችላል። በሩ በአዝራር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ያን ጊዜ አዝራሩ አይሰማም። በእጅ የሚከፈትበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ግን አንዳንዱ ላይ ምንጣፍ ሥር፣ አንዳንዱ ላይ የበሩ ኪስ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው።

ይህ የእኛ ብቻ ስጋት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2021 ሞዴል ቴስላ ዋይ ላይ ምርመራ ከፍቷል፤ ወደ 174 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን ይመለከታል። አቤቱታ ካቀረቡት ውስጥ ልጃቸውን ከኋላ ለማስቀመጥ ወይም ለማውረድ ሲሉ በሩ ከውጭ አልከፈት ያላቸው ወላጆች ይገኙበታል። መስታወት ሰብረው የገቡም አሉ። በዚያው ዓመት ቻይና ራሷ ስለ መኪና በር እጀታ አስገዳጅ ደረጃ ማዘጋጀት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞዴሎች በር ከውጭም ከውስጥም ኤሌክትሪክ ሳያስፈልገው በእጅ የሚከፈት እንዲሆን ታስገድዳለች። የሠራችው አገር «በእጅ ይከፈት» ካለች፣ እኛ «ባህሪው ነው» ብለን የምንቀበልበት ምክንያት የለም። ደግሞ አስቡት፤ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ተሠርተው እኛ ጋ የገቡት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ?

መኪና ሻጭ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ የሚሸጥ፣ ቁልፍ ሲያስረክብ የበሩን ነገር አብሮ ያስረክብ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «የልጅ ሎኩ ይህ ነው፣ ባትሪ ሲሞት የሚከፈተው በዚህ ነው፣ ሪሞቱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ይህ ነው» ማለት ነው። አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ቢጨምርበት ደግሞ ምርቃት ነው።

አላርም ገጣሚ፣ ገመድ ከማገናኘቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። መኪናው ልጅ ይጭናል ወይ? በራሱ እንዲቆልፍ ትፈልጋለህ ወይ? ባለቤቱ ካልመረጠ በቀር በራስ መቆለፉ ጠፍቶ ይሰጠው።

ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም ፍሬንና መብራት ላይ እንደሚጨክኑት በሮቹም ላይ ይጨክኑ። አራቱም በሮች ከውጭም ከውስጥም በእጅ ሳይከፈቱ ቦሎ ባይሰጥ ማንም አይጎዳም።

የቀረው የእናንተ ነው። በየቤቱ የስልክ ባለሙያዎች እናንተ ናችሁ። ለእናታችሁ ቴሌግራም የጫናችሁ፣ ለአባታችሁ የባንክ መተግበሪያ ያስተማራችሁ፣ ለአያት የስልኩን ፊደል ያተለቃችሁ እናንተ ናችሁ። መኪናው አሁን ወደ እናንተ ሙያ እየመጣ ነው፤ ስክሪን ነው፣ ማስተካከያ ነው፣ መተግበሪያ ነው። ዛሬ ማታ መኪናው ግቢ ሲገባ ሁሉንም ቤተሰብ ጠሩና እነዚህን ሞክሩ።

አራቱም ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። ሹፌሩ ይቆልፍ። እያንዳንዱ ሰው በየተራ ከውስጥ ይክፈት። ያልተከፈተ በር ካለ የልጅ ሎኩን እዩ። ቀጥሎ ሪሞቱን በእጃችሁ ያዙ፤ ብዙዎቹ ስማርት ቁልፎች ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ የብረት ቁልፍ አለ፤ አውጡትና የሹፌሩን በር በእሱ ክፈቱ። ቀዳዳው ካልታያችሁ እጀታው ላይ ባለ ክዳን ሥር ሊሆን ይችላል። የሪሞቱ ባትሪ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ናት፤ ቁጥሯን አይታችሁ አንድ ትርፍ ግዙ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የሁሉንም በር የእጅ መክፈቻ ፈልጉና ለሁሉም አሳዩ። ቪዲዮ ቀርጻችሁ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ጣሉት፤ ለሰርግ ቪዲዮ የሚሆን ቦታ ካለ ለዚህም አይጠፋም። ትርፍ ቁልፉ መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት ወይም ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ።

ወላጆችን አንድ ነገር አስለምዷቸው፤ ልጅ ከታሰረ በኋላ ቁልፍ ከእጅ አይለይም፤ ወንበር ላይ፣ ኮፈኑ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም።

ልጅ ተቆልፎበት ብታገኙ ደግሞ ጊዜ በክርክር አታጥፉ። አንዱ ትርፍ ቁልፍ ያስመጣ፣ አንዱ ፀሐዩን ይከልል፣ አንዱ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 939፣ ይደውል። ልጁ ላብ በላብ ከሆነ፣ ከደከመ ወይም ዝም ካለ ግን ሽቦ የሚያመጣ ሰው አትጠብቁ። ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ምረጡና ከመሐሉ ሳይሆን ከጥጉ አካባቢ በጠንካራና ሹል ነገር ምቱት። አሜሪካ ውስጥ የአሽከርካሪዎች ማኅበሩ ኤኤኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው ሙከራ ከተሞከሩት የመስታወት መስበሪያ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ተራውን ቴምፐርድ መስታወት ሲሰብሩ፣ ላሚኔትድ የሚባለውን ድርብርብ መስታወት ግን አንዳቸውም አልሰበሩትም። የትኛው እንደሆነ መስታወቱ ጥግ ላይ ተጽፏል፤ እሱንም ዛሬ ማታ አብራችሁ እዩት። መስታወት በገንዘብ ይተካል።

በር ላይ ዘበኛ የምናቆመው ሌባ እንዳይገባ ነው። ባለቤቱን አላስወጣ ያለ ዘበኛ ግን አንድ ቀን አያድርም። የመኪናችንንም ሎክ በዚሁ ሚዛን እንለካው፤ «ባህሪው ነው» ሲሉን «ማን ወሰነው? ቀይሩት» እንበል።